አዲስ የመጣችን ፈሪ ድመት ከእጅ ማላመድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐረር ላይ አዲስ ድመት ቤቱ ያስገባ ሰው ሁሉ ከሚጠይቀው የተሰበሰበ ነው፤ ድሬዳዋ ላላችሁም ከሙቀቱ በቀር ያው ነው።

ድመቷ ከመጣች ጀምሮ ከአልጋ ሥር አልወጣም ብላለች። ጎትቼ ላውጣት ወይስ ልተዋት?

ይተዉአት። መደበቅ የክፉ ዓመል ምልክት አይደለም። ድመት የማታውቀው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምትፈልገው ጀርባዋን የሚከልልላትን፣ ፊት ለፊቷን ግን የምታይበትን ቦታ ነው። የኔዘርላንዱ ዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ወደ እንስሳት መጠለያ ከገቡ ድመቶች መካከል መደበቂያ ሣጥን የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ቀድመው ተረጋግተዋል። ስለዚህ መደበቂያ መንፈግ ሳይሆን መጨመር ነው የሚያዋጣው፦ በጎኑ የተጋደመ ካርቶን፣ ውስጡም አሮጌ ነጠላ ወይም ሽርጥ፣ ሳይታጠብ። የእርስዎን ጠረን ተኝታበት ትለምደዋለች።

በመጥረጊያ እንጨት እየቆሰቆሱ ማስወጣት ግን ትልቅ ጥፋት ነው። በእጅ ተጎትታ የወጣች ድመት እጅ ምን እንደሚያደርግ በመጀመሪያው ቀን ተምራለች፤ ያንን ማስረሳት ሳምንታት ይፈጃል። አብዛኞቹ ሁለት ሦስት ቀን ቆይተው ቤተሰቡ ሲተኛ መዞር ይጀምራሉ። ጠዋት ሳህኑ ባዶ ከሆነና የመጸዳጃ አሸዋዋ ከተጫረ መልካም ነው፤ ባያዩዋትም ወጥታለች።

የትኛው ክፍል ላስቀምጣት?

ትንሽ፣ በር ያለው፣ ሰው የማይበዛበት። በጁገል፣ ማለትም በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ ውስጥ ባሉት የጥንት ሐረሪ ቤቶች፣ ነደባ (ከፍ ያለ የመቀመጫ መደብ) ያለበት ዋናው ክፍል የእንግዳ ክፍል ነው፤ ከሰዓት በርጫ ከተጀመረ እስከ ማታ ገቢው ወጪው አይቆምም። አዲስ ድመት እዚያ መሀል አታርፍም። ጎን ያለች ጓዳ ትበቃታለች፤ በኪራይ ባለ አንድ ክፍል ቤት የሚኖር ሰው ደግሞ ከበሩ ተቃራኒ ያለውን ጥግ በመጋረጃ ይከልልላት። ምግቧና አሸዋዋ ጎን ለጎን አይቀመጡ፤ ከሁለቱ አንዱን ትተዋለች። ለመጸዳጃ ተራ አሸዋ ይበቃል፤ ድሬዳዋ ላይ ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ የሚወጣው አሸዋ ከተነፋ ጥሩ ነው። አመድ ግን አይሁን። ሲረጥብ መዳፏን ይልጠዋል፣ እርሷም ትልሰዋለች።

ከገጠር በጆንያ ለመጣች ድመት፦ በሩንና መስኮቱን ይዝጉ፣ ጆንያውን ወለል ላይ ያጋድሙ፣ አፉን ይፍቱና ይውጡ። ገልብጠው አያፍስሷት። መንገዱ እንዲጠፋባት ብሎ በጆንያ እንዳለች ሰፈሩን የሚያዞራት ሰው አለ፤ የሚያተርፈው ድንጋጤዋን ማባስ ብቻ ነው። እንዳትመለስ የሚያደርጋት ሦስት አራት ሳምንት ከቤት ሳትወጣ መቆየቷ ነው።

ምን ላብላት? የሰጠኋትን ሁሉ አልቀምስም አለች።

የመጀመሪያውን ሌሊት ባትበላ አይደንግጡ። ትልቅ ድመት ሁለት ቀን፣ ግልገል ድመት ደግሞ አንድ ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ግን ሐኪም ይጠይቁ። ድመት ስትራብ ጉበቷ በስብ ይታመማል፤ ወፈር ያለችዋ ደግሞ ይበልጥ። እስከዚያ ሽታ ያለው ምግብ ሞቅ አድርገው ያቅርቡና ከክፍሉ ይውጡ።

ድመት ሥጋ በሊታ ናት፤ በእንጀራ ፍርፋሪ አትኖርም። የተቀቀለ የግመል ወይም የበሬ ሥጋ ትርፍራፊ፣ ዶሮ፣ የተቀቀለ ሳንባ ይስማማታል። ጉበት ትወዳለች፣ ነገር ግን በየቀኑ ከሆነ ቫይታሚን ኤ በሰውነቷ ተከማችቶ አጥንቷን ይጎዳል፤ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ይብቃ። ወተት ባህላችን ነው፣ ግን አብዛኞቹ ያደጉ ድመቶች በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር መፍጨት ስለማይችሉ ያስቀምጣቸዋል። ንጹሕ ውኃ ይሻላል።

ወጥ በፍጹም አይስጧት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። ሽሮም ያው ነው። ሥጋውን ከወጡ አውጥቶ ማጠብም አያድን፤ መጀመሪያውኑ ሳይወጠወጥ የእርሷን ድርሻ ለይቶ መቀቀል ነው።

መንካት የምጀምረው መቼና እንዴት ነው?

ቀን አይቆጠርለትም፤ ምልክት ነው የሚጠበቀው። እርስዎ ክፍሉ ውስጥ እያሉ ከበላች፣ ጀርባዋን ሰጥታዎት ራሷን ከላሰች፣ ተዘርራ ከተኛች ጊዜው ቀርቧል። ከዚያ በፊት ያለው ሥራ አብሮ መቀመጥ ብቻ ነው። ወለሉ ላይ ይቀመጡ፤ ቆሞ የሚያያት ሰው ለእርሷ ግንብ ነው። አያፍጥጡባት። ጋዜጣ ያንብቡ፣ በለሆሳስ ያውሩ። ዓይን ለዓይን ከተገጣጠማችሁ ዓይንዎን ቀስ አድርገው ይክደኑ፣ ቀስ አድርገው ይግለጡ። ይህ የአያቶች ጨዋታ ብቻ አይደለም፦ የእንግሊዙ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተሳተፉበት የ2020 እ.ኤ.አ. ጥናት፣ የማያውቁት ሰው እንኳን እንዲህ ሲያደርግላቸው ድመቶች ወደ ተዘረጋው እጅ ይበልጥ ቀርበዋል።

ቀጥሎ ማንኪያ። የተቀቀለ ሥጋ ቁራጭ በረጅም ጭልፋ ጫፍ ያቅርቡላት። ከጭልፋው መብላት ስትለምድ በሾርባ ማንኪያ፣ ከዚያ በሻይ ማንኪያ፤ እጅዎ በየጊዜው እየቀረበ ይመጣል፣ እርሷም ልብ ሳትለው ትለምደዋለች። ሥጋን በጣት ማጉረስ ግን ለኋላ ይቆይ፤ የራባት ድመት ጣትና ሥጋ አትለይም።

ከዚያ ባዶ እጅ። ጣትዎን አጠፍ አድርገው ከአፍንጫዋ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርገው ያቁሙት፤ እጁ አይንቀሳቀስ። አንገቷን ትዘረጋለች። ጢሟ ወደ ፊት ይወጣል፤ እርጥብ አፍንጫዋ ጣቱን ነካ አድርጎ ይመለሳል። ወደ ኋላ ካፈገፈገች ለዛሬ አበቃ። ጉንጯን ጣትዎ ላይ ካሸች ግን ፈቅዳለች፤ ጉንጯንና አገጯን ሁለት ሦስት ጊዜ ያሻሹና እጅዎን ይሰብስቡ። ገና ስትፈልግ ማቆም ከሁሉም የሚከብደው ነው፣ ከሁሉም የሚጠቅመውም እርሱ ነው። እርሷ ወደ እጅ ትምጣ እንጂ እጅ እርሷን አይከተል።

የትኛውን ቦታ ብነካት ትወዳለች? መናከስ የምትጀምረው ድንገት ነው።

ጉንጭ፣ አገጭ፣ የጆሮ ሥር። ጀርባ በኋላ ይደርሳል። ሆድ፣ መዳፍና የጅራት ሥር ለብዙ ድመቶች ክልክል ነው። ተንጋላ ሆዷን ብታሳይዎም «አምንሃለሁ» እንጂ «እሸኝ» ማለቷ አይደለም።

ንክሻውም ድንገት አይደለም፤ የሚቀድመው ምልክት ስለሚያመልጠን ነው። የጅራቷ ጫፍ ወለሉን መታ መታ ያደርጋል፣ ጆሮዋ ወደ ጎን ይዞራል፣ የጀርባዋ ቆዳ ይርገበገባል፣ ዓይኗ ጥቁር በጥቁር ይሆናል። ከእነዚህ አንዱን ሲያዩ እጅዎን ያንሱ። ከጉሮሮዋ የሚሰማው የማያቋርጥ «ህርር» የሚል ድምፅም ሁልጊዜ የደስታ አይደለም፤ የታመመችና የፈራች ድመትም ታሰማዋለች። ከድምፁ ይልቅ ጅራቷን ይመኑ።

መስገጃዬ ላይ ትተኛለች፤ ችግር አለው?

በእስልምና ድመት ነጂስ አይደለችም፤ ሐረር ላይ ድመት በየቤቱ የምትንጎራደደውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ለማላመድ ሥራዎም መልካም ዜና ነው፤ የእርስዎ ጠረን ያለበትን ቦታ መርጣለች። ጸጉሯን ማራገፍ ብቻ ይቀርዎታል።

በማጅራቷ ማንሳት እናቷ የምታደርገው አይደለም?

እናቷ የምታደርገው ለጥቂት ሳምንታት ግልገል ነው። ያደገች ድመት ክብደቷ ሁሉ በማጅራቷ ቆዳ ሲንጠለጠል ያማታል፤ ዝም ማለቷም ፍርሃት አስሯት እንጂ ተመችቷት አይደለም። አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከመቀመጫዋ ሥር ገብቶ ሰውነቷ ከእርስዎ ደረት ጋር ይጠጋ፤ አራቱም እግሮቿ ሳይንጠለጠሉ። መጀመሪያ ግን ወለል ላይ ተቀምጠው ጭንዎ ላይ በራሷ ስትወጣ ይጠብቁ። ከዚያ ማንሳት የሚጀመረው ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ወዲያው በማስቀመጥና ሥጋ በመስጠት ነው። መንፈራገጥ ከጀመረች ጠበቅ ማድረግ አያስፈልግም፤ ዝቅ ብለው ይልቀቋት፤ ከከፍታ ግን አይጣሏት።

ልጆቼ አልተዋትም አሉ። ምን ላድርግ?

ልጆችን ሥራ ይስጧቸው፦ ውኃ መቀየር፣ ማንኪያውን መያዝ፣ ክር በእንጨት ጫፍ አስሮ መጎተት። ክሩ ከጨዋታ በኋላ ይነሣ፤ ከዋጠችው አንጀቷን ይቆርጣል። ሕጉ አንድ ብቻ ይሁን፤ ድመቷ ካርቶኗ ውስጥ ከገባች ማንም አይነካትም፣ የጎረቤት ልጅም ቢሆን። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአዲስ ድመት ጋር ብቻውን አይተው።

ለአይጥ ብዬ ነው ያመጣኋት። ካላመድኳትና ካጠገብኳት ማደን ትተዋለች?

አትተውም። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ተብሏል። ድመት የምታድነው በረሃብ ብቻ አይደለም፤ የጠገበችም ታድናለች። እንድታድን ብሎ ማስራብ ጎረቤት ቤት ሌብነት ያስተምራታል እንጂ አይጥ አያስጨርስም። ድመት ባለበት ቤት የአይጥ መርዝ ግን አይቀመጥ፤ መርዝ የበላችውን አይጥ ስትበላ እርሷም ትመረዛለች።

ስትቧጭረኝ ወይም ስትነክሰኝ ልምታት?

አይምቷት፣ አይጩኹባትም። የፈራ እንስሳ ሲመታ የሚማረው መፍራቱ ትክክል እንደነበር ነው። እጅዎን ባለበት ያቁሙ፣ አይንጠቁት፤ የሚሸሽ ነገር ለድመት የሚታደን ነገር ነው። ስትለቅ በዝግታ ይነሡና ከክፍሉ ይውጡ።

የማላመጃው ሰዓትም ይመረጥ። ውጭ ባጃጅ ጥሩምባ እያሰማ፣ ቤት ውስጥ እንግዳ ሞልቶ፣ ድመትን «ነይ» ማለት ከንቱ ድካም ነው። ማለዳና ምሽት፣ ምግብ ከመቅረቡ በፊት ያለው ጸጥ ያለ ጊዜ ነው የሚሠራው። አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ በቀን ሁለት ጊዜ አሥር ደቂቃ፣ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመሞከር ይበልጣል።

ነክሳኝ ደም ወጣ። የእብድ ውሻ በሽታ ከድመት ይተላለፋል?

አዎን፣ ይተላለፋል። በሽታው በውሻ ስም ይጠራ እንጂ ቫይረሱ ድመትንም ይይዛል፤ በምራቋ ያስተላልፋል። ኢትዮጵያ ውስጥ በሽታው አለ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይጠቡ፤ ሰዓት እያዩ፣ ምክንያቱም 15 ደቂቃ ከሚመስልዎ በላይ ረጅም ነው። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱና ክትባት እንደሚያስፈልግዎ ይጠይቁ። የድመት ጥርስ ቀጭንና ጥልቅ ስለሚገባ፣ እብድ ባትሆንም ቁስሉ ቶሎ ያመረቅዛል፤ እጅ ላይ ከሆነ በተለይ። ቡና ወይም ቅቤ አይጠቅጥቁበት። የባህል መድኃኒት የክትባቱ ምትክ አይሆንም።

ድመቷን አይግደሏት፣ አያባርሯትም። ለ10 ቀን ዘግተው ይጠብቋት፤ በነከሰችበት ጊዜ ቫይረሱ በምራቋ ውስጥ ከነበረ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ታማ ትሞታለች፣ ደኅና ከቆየች ደግሞ ሐኪሙ የጀመሩትን ክትባት ሊያቆምልዎ ይችላል። ከጠፋች ግን እንደታመመች ተቆጥሮ ክትባቱ መጠናቀቅ አለበት። ሲመጡ ያልተከተቡ ድመቶች ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ መከተብ ይችላሉ። ድመቷ እጅ ከለመደች በኋላ የመጀመሪያ ጉዞዋ ወደ ክትባት ቢሆን ደስ ይለኛል።

ወደ ውጭ መቼ ልልቀቃት? ጅብ አይበላትም?

ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ፣ ስትጠሯት መምጣት ከጀመረች። የመጀመሪያው ቀን ምግብ ሰዓት ሲቃረብ፣ ሳትበላ፣ በሩ ክፍት ሆኖ ይሁን፤ ሆዷ ይመልሳታል። ግልገል ከሆነች ጭልፊትን ይፍሩ። በሥጋ ተራው አካባቢ ከሰው እጅ ሥጋ ሲነጥቁ የሚታዩት ወፎች ግልገል ድመት አይከብዳቸውም፤ ግቢው ጣራ ከሌለው ብቻዋን አትተው።

ጅቡስ፣ ሐረር ላይ ጥያቄው ተገቢ ነው። ማታ በግንቡ ቀዳዳዎች ገብተው በየጠባቡ መንገድ ቆሻሻ ሲለቅሙ ያመሻሉ። መንገዱን የምታውቅ ድመት ግንብ ላይ ወጥታ ታሳልፋቸዋለች፤ አዲሷ ግን የትኛው ግንብ ላይ እንደምትወጣ ገና አታውቅም። ከመግሪብ በኋላ ቤት ትግባ። ሴት ድመት ከአራት ወር ዕድሜ ጀምሮ ልታረግዝ እንደምትችልም አይርሱ፤ እርግዝናው ደግሞ ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው።

ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። ድመቷን ላስወጣት?

ማስወጣት አያስፈልግም። የሚፈራው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሕዋስ ነው፤ የሚተላለፈውም በመተቃቀፍ ወይም በጸጉር ሳይሆን በድመቷ ዓይነ ምድርና በጥሬ ሥጋ ነው። በዓይነ ምድሩ ውስጥ ያለው ተሕዋስ ለመበከል ብቁ የሚሆነው ከአንድ ቀን በኋላ ስለሆነ አሸዋው በየቀኑ ይጸዳ፤ የሚያጸዳውም ሌላ ሰው ይሁን። ድመቷ የበሰለ ትብላ። ነፍሰ ጡሯም ጥሬ ሥጋና ክትፎ ይቆያት፣ የአትክልት ቦታ ከቆፈረች እጇን ትታጠብ፣ ሰላጣውንም በደንብ ትጠብ። ጥሬ ሥጋ እየበሉ ድመቷን ማባረር የተገላቢጦሽ ነው።

የጎዳና ትልቅ ድመት ናት፤ ወራት አለፉ፣ አሁንም አልነካም ትላለች። ተስፋ አላት?

እንደ አስተዳደጓ ነው። ድመት ሰውን ወዳጅ አድርጋ የምትቀበልበት ዋናው ጊዜ ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ዕድሜዋ ነው። በዚያን ጊዜ የሰው እጅ የነካት፣ በኋላ ጎዳና ብትወድቅም፣ ብዙውን ጊዜ ትመለሳለች። ማንም ሳይነካት ያደገች ግን ለዘለዓለም ጭን ላይ ላትወጣ ትችላለች፤ ይህ የእርስዎ ስንፍና አይደለም። በሁለት ክንድ ርቀት ተቀምጣ የምትበላ፣ ስምዋን የምታውቅ፣ ግቢውን ከአይጥ የምትጠብቅ ድመትም ድመት ናት። ለማቀፍ የሚፈልጉ ከሆነ ግን ከሁለት ወር ግድም ጀምሮ፣ ከሰው ቤት የተወለደች ግልገል ይፈልጉ፤ ከዚያ ቀድሞ ከእናቷ መለየትም አይገባም።

ለምዳ ነበር፤ በዚህ ሳምንት ግን ስነካት ትጮኻለች፣ ተመልሳ ተደበቀች። ምን ነካት?

አሟት ይሆናል ብለው ይጀምሩ። ድመት ሕመሟን ትደብቃለች፤ ዓመል መቀየር ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት ነው። ጥርስ፣ ጆሮ፣ የተነከሰ ቁስል፣ ምጥ የቀረባት ሊሆን ይችላል። ወንድ ድመት አሸዋው ላይ ደጋግሞ እያማጠ ሽንት ካልወጣው ለነገ የማይባል ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይገድለዋል።

በቤት ያለ መድኃኒት አይሞክሩ። አንድ የፓራሲታሞል ክኒን ድመትን ሊገድል ይችላል። ለውሻ ወይም ለበግ መዥገር የሚረጨው፣ ፐርሜትሪን ያለበት ነገር ሁሉም ለድመት መርዝ ነው፤ ቁንጫ አገኘሁባት ብለው የዝንብ መርጫ አይርጩባት። የከተማው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት፤ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስትወስዷት በጆንያ አይሁን፤ ቀዳዳ በተበሳ ካርቶን፣ የምትተኛበት ጨርቅ ከሥሯ ተነጥፎ፣ በላዩም በገመድ ታስሮ። ካርቶኑን ከሁለት ቀን በፊት ክፍሏ ውስጥ ክፍት አድርገው ካስቀመጡት ራሷ ትገባበታለች።